ገሳ የለበሰችው ካሜራ

ስልከኛ ነበርሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስሁ ሞጣ ስልክ ቤት ተቀጠርሁ፤ በኋላ ወደ ቢቸና ተዛውሬ ጡረታ እስክወጣ እዚሁ ሠራሁ። በዚያ ዘመን ሰውና ሰው የሚገናኘው በእኛ እጅ ነበር። ገመዱን ከቀዳዳው ሰክተን «ሞጣ፣ ሞጣ፣ ይሰማል?» እንላለን። መርዶውም፣ የምሥራቹም፣ የእህል ዋጋውም በጆሮዬ በኩል አልፏል። ሥራዬ ማገናኘት እንጂ መናገር አልነበረምና ዝምታ ልማድ ሆነብኝ። ሰው ኩሩ ይለኛል። አይደለሁም። ሰው ሲነጋገር ጣልቃ አለመግባትን ለምጄ ነው።

የምነግራችሁ የአንድ ቀን ነገር ነው። ቀኑ እንዲገባችሁ ግን ከክረምቱ መጀመሪያ ልነሣ።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ደምለው ሞጣ ከተማ ዳር፣ በአባታችን ቤት ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸውን በመምህርነት የጨረሱ ሰው ናቸው። ልጅ አልወለዱም፤ ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ። ከቤቱ ጀርባ ቦረቦር አለ። እኔ ልጅ ሳለሁ ጥጃ የሚዘለው ቦይ ነበር። መሬቱ መረሬ ስለሆነ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውኃ ሲጠግብ እንደ ሊጥ ይንሸራተታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ቦዩ ገደል ሆነ፤ ጓሯችንንም እየቆረሰ ወደ ቤቱ ቀረበ።

«ጋሼ፣ ቢቸና ይምጡ። ቤቴ ይበቃናል» እላቸዋለሁ።

«ቦረቦሩ ቆሟል» ይሉኛል። «የሳስባንያ ዛፍ ተክየበታለሁ፣ የዝሆን ሣር ተክየበታለሁ። አንቺ ቢቸና ተቀምጠሽ ይሄዳል ትይኛለሽ፤ እኔ በየቀኑ እያየሁት አይሄድም።»

ልጄ ፀዳለ ባሕር ዳር በአንድ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ ታስተምራለች። እንደ እኔ ዝም የምትል አይደለችም። በፋሲካ ሞጣ ተሰብስበን ሳለ ይህንኑ ሲሉ ሰማችና፣

«በየቀኑ ስለሚያዩት እኮ ነው የማይታይዎት፣ አጎቴ» አለቻቸው። «ልጅስ ቢሆን ለእናቱ መቼ አድጎ ይታያታል?»

«ታዲያ በማን ዓይን ልየው?»

«ካሜራ ልሥራልዎት። ግቢው ውስጥ ትቁምና ክረምቱን በሙሉ፣ በየጥቂት ደቂቃው አንድ ፎቶ ታንሣ። ፎቶዎቹን አገጣጥሜ እንደ ፊልም ሳሮጣቸው ቦረቦሩ ከሄደ ሲሄድ ያዩታል፤ ከቆመም ቆሞ ያዩታል።»

ጋሼ መምህር ናቸው፤ ማስረጃ ሲባል ደስ ይላቸዋል። «ተስማምቻለሁ» አሉ። «ሲሄድ ካሳየችኝ ቤቱን ለቅቄ እወጣለሁ። ካላሳየችኝ ግን እናትሽ ይህን ወሬ ሁለተኛ አታነሣብኝም።»

በዚህ ቃል ተለያየን።

ፀዳለ ካሜራዋን የሠራችው በግንቦት መጨረሻ ቢቸና እኔ ቤት መጥታ ነው። መጀመሪያ «ኮምፒውተሩ ይኸውልሽ እማዬ» ብላ መዳፌ ላይ አንድ አረንጓዴ ሰሌዳ አስቀመጠችልኝ። ሁለት የክብሪት ቀፎ ጎን ለጎን ቢቀመጥ ያክላል።

«ስክሪኑስ?» አልሁ።

«የለውም።»

«መጻፊያውስ?»

«እሱም የለውም። ፎቶ አንሣ ሲሉት ያነሣል፣ ተኛ ሲሉት ይተኛል።»

«ከአንቺ ይሻላል» አልኋት። ሥራዋን አቁማ ሳቀች።

ሰሌዳውን፣ የካሜራውን ዓይንና ባትሪውን ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ግድግዳ ላይ ከሚያስሩት ዓይነት የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አደላደለቻቸው። ለዓይኑ መስኮት ቀድዳ መስታወት ገጠመችበት። የሶላሩን ገመድ በሳጥኑ ሥር በኩል አስገባችው፤ ውኃ ገመዱን ተከትሎ ሽቅብ አይወጣምና። መስታወቱ ዙሪያ ክፍተት ነበረው። «በሰም ብትደፍኝውስ?» አልኋት። ደፈነችው። ፀሐይ ላይ ስታስቀምጠው ሰሙ ቀልጦ መስታወቱን ሸፈነው። በቢላዋ እየፋቀች «ሁለተኛ እንዳትመክሪኝ» አለች፤ እኔም ሁለተኛ አልመከርኋትም። ከዚያ ሲሊኮን ቀባችው።

ሲደርቅ በርሜል ውኃ ውስጥ ከትታ ድንጋይ ጫነችበት። ሲወጣ ጠብታ አልገባበትም፤ መስታወቱን ግን ከውስጥ ጉም ይዞታል። ቁጭ ብላ አሰበች።

«ውኃው ከውጭ አልመጣም» አለች። «ስዘጋው አብሬ የዘጋሁት እርጥብ አየር ነው።»

ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን፣ እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ለቃቅማ አደረቀች፤ ጠራራ ፀሐይ ላይ ሳጥኑን ከፍታ አናፈሰችው፤ ከረጢቶቹን ጨምራ ዘጋችው። እንደገና በርሜል ውስጥ ከተተችው። በዚህኛው ጊዜ መስታወቱ እንደጠራ ወጣ።

«ከእንግዲህ የጥፋት ውኃ ቢመጣ ይቺ ትተርፋለች» አለች። ሁለታችንም ሳቅን።

በሰኔ ሞጣ ወሰድናት። ሰው እንዳይጠረጥር አስቀድመን ለቀበሌው አስታወቅን። ከግቢው በር አጠገብ፣ በሰው ቁመት ልክ፣ እንጨት ላይ አሰረቻት። ፊቷን ወደ ቤቱ አዞረችው፤ በቤቱ ጎን የቦረቦሩ አፍና የጋሼ ሳስባንያ ይታያል። ፎቶው ኔትወርክ ሲያገኝ በቴሌግራም ለእኔም ለእሷም ይመጣል።

ጋሼ ዞረው ዞረው አዩዋት። «ክዳን የላትም እንዴ?»

«አያስፈልጋትም፣ አጎቴ።»

«የሞጣን በረዶ አታውቂውም አንቺ።»

«በርሜል ውስጥ ከትቻት ወጥታለች። እባክዎን ምንም እንዳያለብሷት።»

«በርሜል በረዶ አይጥልም» ብለው ገቡ።

በማግስቱ ንጋት የመጀመሪያው ፎቶ ስልኬ ላይ መጣ። ጋሼ ከካሜራዋ ፊት ቆመው ባርኔጣቸውን ከራሳቸው ከፍ አድርገዋል። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። ደውዬ ጠየቅኋቸው።

«እንግዳ ናት» አሉኝ። «ደጄ የቆመችን እንግዳ ሳልሳለም ልለፋት?»

ከዚያ ወዲህ በየንጋቱ ያቺን ፎቶ ሳላይ ከመኝታዬ አልነሣም። ይህን ግን አልነገርኋቸውም።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ፀዳለ ፎቶዎቹን አገጣጥማ ለሰይድ ላከችለት። ሰይድ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁ ከግቢያችን ፊት ለፊት ነው። የጋሼ ስልክ ፎቶ ስለማያሳይ በእሱ ስልክ አዩት። ሰይድ እንደነገረኝ መጀመሪያ ሲያዩት «ጥላ ነው» አሉ። ሁለተኛ ጊዜ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። ሦስተኛ ጊዜ ስልኩን ከእጁ ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። የተከሉት ሳስባንያ ሳይወድቅ፣ ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ ከነአፈሩ ወደ ገደሉ ይሄድ ነበር።

ማታውን ደወሉልኝ። «ስልከኛዋ፣ ተሸንፌያለሁ።»

«እግዜር ይመስገን። መቼ ልምጣ?»

«ፍልሰታ ይፈታ። በሱባኤ ቤት አይፈታም፤ አባታችን ሲያደርገው አላየሁም። ጾሙን በአባቴ ቤት ልጨርሰውና እወጣለሁ።»

ዝም አልሁ። በቤታችን በፍልሰታ ዕቃ ከቤት አይወጣም፣ ጎጆ አይፈርስም፣ ከሰው ጋር ክፉ ደግ አይባልም። እኔም ያደግሁበት ነው። «እሺ ጋሼ» አልሁ።

ለፀዳለ ስነግራት «ቦረቦሩም ይጾማል?» ብላ ጮኸች።

«አፍሽን ሰብስቢ» አልኋት።

ቀኑ የነሐሴ ቀን ነው። ቢቸናም ሲዘንብ አድሮ ነበር። የንጋቱ ፎቶ መጣ፤ ጋሼ ዝናብ ውስጥ ቆመው ባርኔጣቸውን አንሥተዋል። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ምስር መልቀም ጀመርሁ። ከጥቂት ቆይታ በኋላ የመጣውን ፎቶ ሳይ፣ ግቢው ሣር ላይ አንድ ቀጭን መስመር አየሁ። የራሴ ጠጉር የስልኩ መስታወት ላይ ያረፈ መሰለኝ። በነጠላዬ ጠረግሁት። አለ።

መስመሩ ከቤቱ ጀርባ አልነበረም። ክረምቱን ሁሉ ዓይናችን ከጀርባ ነበር። መስመሩ ከቤቱ ፊት፣ በቤቱና በካሜራዋ መካከል፣ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦት ነበር። የሚቀጥለው ፎቶ ሲመጣ በመስመሩ ላይኛውና ታችኛው በኩል ያለው ሣር እኩል አልነበረም። ቤቱ ያለበት በኩል ዝቅ ብሏል።

ደወልሁ። «የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» አለችኝ ያቺ ተቀድታ የተቀመጠች ሴት። ደገምሁ። መለሰችልኝ። እኛ በነበርንበት ዘመን መስመር እምቢ ሲል «ትንሽ ይታገሡ፣ በደብረ ወርቅ በኩል ልሞክርልዎ» እንል ነበር። እሷ በሌላ በኩል አትሞክርም።

ሰይድ ጋ ደወልሁ። «እትዬ ሙሉ፣ እንደምን አደ…» አለና ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ እሱም አልገባ አለ። ፎቶው ግን መምጣቱን አላቆመም። ኋላ ፀዳለ እንዳስረዳችኝ ፎቶ ቀዳዳ እስኪያገኝ ይጠብቃል፤ ድምፅ አይጠብቅም።

ባሕር ዳር ገባልኝ።

«እማዬ፣ አይቼዋለሁ» አለች ፀዳለ። ከጀርባዋ የረዳቶች ጩኸት ይሰማል። «መነኻሪያ ነኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ ሰው እስኪሞላ ነው የሚጠብቁት።»

«ሌላ መኪና የለም?»

«ተራው የዚህ ነው፤ እምቢ አሉኝ። አጎቴን አገኘሻቸው?»

«አላገኘኋቸውም።»

ጥላዬን ይዤ እኔም ወደ ቢቸና መነኻሪያ ወረድሁ። ተራ አስከባሪውን መኪና ሥር ተጠልሎ አገኘሁት።

«ወደ ሞጣ የሚወጣ አለ?»

«እማማ፣ ከደብረ ወርቅ ወዲያ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦታል። ዛሬ ማንም አይወጣም። ምን ገጥሞዎት ነው?»

«ወንድሜ።»

«ታመሙ?»

«አልታመሙም።» ስልኩን አውጥቼ ፎቶውን አሳየሁት። አጎንብሶ አየው።

«ሣር ነው» አለኝ። «ቤትም ይታየኛል።»

አልፈረድሁበትም። ያን ሣር ክረምቱን ሁሉ ያላየ ሰው ምን ሊታየው ይችላል? እዚያው ቆሜ ሳለሁ ሌላ ፎቶ መጣ። ጋሼ ከቤቱ በር ላይ ናቸው። ገሳ ለብሰዋል፤ ከሣር የሚታታ፣ የእረኛና የገበሬ የዝናብ ልብስ ነው፣ የአባታችን ነበር። ሣሩ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ይታያል፤ በረዶ ነው። ዓይናቸው መሬቱ ላይ አልነበረም፣ ወደ ካሜራዋ ነበር። ገሳ ለብሰው ሲወጡ ስንጥቁን አይተው የሸሹ መስሎኝ ነበር። ወዲያው የመጣው ፎቶ ግን አንድ እግራቸውን ከስንጥቁ ወዲህ፣ አንዱን ከወዲያ አድርጎ ያዛቸው። እንደ ቦይ እየተሻገሩት ነው። በልጅነታችን ያንኑ ቦይ እንዲሁ ነበር የሚሻገሩት።

«ወዲህ ይምጡ» አልሁ። ጮክ ብዬ ነው መሰል ተራ አስከባሪው ዞሮ አየኝ።

መጡ። በሚቀጥለው ፎቶ ፊታቸው ብቻ ነበር። እጆቻቸውን ከፍ አድርገዋል፣ ጢማቸው ላይ ውኃ አለ፣ አፋቸው ተከፍቷል። ካሜራዋን እያናገሯት ነው። ከስንጥቁ ወዲህ፣ በደኅናው በኩል ቆመው ነበር። ጥቂት ርምጃ ቢራመዱ የግቢው በር ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፎቶ ጥቁር ነበር። ሳጎላው የተታታ ሣር ሆነ። ገሳቸውን አውልቀው አልብሰዋታል።

ፎቶ መምጣቱን አላቋረጠም። ሣር። ሣር። ሣር። ካሜራዋ ደኅና ነበረች፤ ሥራዋንም ትሠራ ነበር። እኔ ግን ጋሼ ወደየት እንደሄዱ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ገሳቸውን ከሰጡ ዝናቡ መቷቸዋል፤ ዝናብ የመታው ሰው ወደ ቅርቡ ጣራ ይሮጣል፤ ቅርቡ ጣራ የሰይድ ሱቅ ነው ወይስ ቤታቸው? ከመነኻሪያ ተመልሼ ያን ርምጃ በሐሳቤ ደጋግሜ ቆጠርሁት። አንዴ ሰይድ ጋ አደርሳቸዋለሁ፣ አንዴ ስንጥቁን አሻግሬ እመልሳቸዋለሁ። በመካከሉ እደውላለሁ። ሴትዮዋ ትመልስልኛለች። ጎረቤቴ ለቅዳሴ ልትጠራኝ መጥታ «እየሄድሽ አይደለም?» አለችኝ። አልሄድሁም። ምን ብዬ እንደምጸልይ እንኳ አላወቅሁም፤ የሆነው ነገር ሆኖ ከሆነ ጸሎቴ ዘግይቷል።

ቀኑ እንዲህ አለፈ። ዝናቡ አባራ። ሣር፣ ሣር።

ከዚያ አንድ ፎቶ ብርሃን ይዞ መጣ።

መጀመሪያ የት እንደሆነ አላወቅሁትም። ከላይ ሰማይ ነው። ከሥር ማዶ ያለ እርሻ ነው፤ የበቀለ ጤፍና አንድ ሾላ ይታያል። ያን እርሻ ከግቢያችን በር ሆኜ አይቼው አላውቅም፤ በልጅነቴም አላየሁትም፤ ምክንያቱም በመካከል ቤታችን ነበር። በፎቶው ጥግ የፀዳለ እጅጌ አለ።

ስልኩ ሲጮኽ አውቄ ነበር ያነሣሁት።

«እማዬ» አለች።

«አይቻለሁ» አልኋት።

ጋሼን ያገኟቸው ሊመሽ ሲል ነው። ለቅዳሴ ልብስ ሊቀይሩ ነበር የተመለሱት። ሰይድ ከሱቁ ሆኖ አይቷቸው «ጋሽ ደምለው፣ ገሳዎን ለማን ሰጡት?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። «ለእንግዳዬ» ብለው እየሳቁ ገቡ። ከዚያ ቤቱ ብዙም አልቆየም።

ፀዳለ በኋላ የነገረችኝን ልጨምር። ከሚኒባሱ ወርዳ ስትሮጥ፣ ቤቱ በነበረበት ቦታ ሰዎች ሲቆፍሩ አየች። ከአዲሱ ገደል አፍ ላይ ግን ገሳ የለበሰ ነገር፣ በሰው ቁመት፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። «አጎቴ!» ብላ ሮጠች። ስትደርስ እንጨቱ ነው። ገሳውን ገፍፋ ጣለችው። ሳጥኑን ስትከፍተው ውስጡ ደረቅ ነበር፤ አንዲት ጠብታ አልገባበትም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዘመድ ርቃችሁ በስልክ የምትተያዩ፣ አየሁት ማለት ደረስሁለት ማለት እንዳልሆነ ከእኔ የተሻለ ታውቁ ይሆናል። እኔ የተማርሁት ግን ሌላም ነው። በዚያ ቀን ምንም ላደርግ አልችልም ነበር፤ ይህን ብዙ ሰው ነግሮኛል፣ እውነትም ነው። መናገር የምችልበት ቀን ግን ነበረኝ። «ፍልሰታ ይፈታ» ሲሉኝ «እሺ ጋሼ» ያልሁበት ቀን ነው። ጨዋነት ብዬ ነው ዝም ያልሁት። እሳቸውም ጨዋነት ብለው ነው ገሳቸውን ያወለቁት። በአንድ ቤት ነው ያደግነው።

ለቅሶው ሳያልቅ ፀዳለ ፊልሙን በሰይድ ሱቅ ለቦረቦሩ ዳር ነዋሪዎች አሳየች። ጋሼ በየንጋቱ ባርኔጣቸውን ሲያነሡ፣ ፊልሙ ስለሚሮጥ፣ እንደ ወፍ ክንፍ ብልጭ ብልጭ ይላሉ። አንድ ሕፃን ሳቀ፤ እናቱ አፉን ያዘችው። «ይሳቅ» አልኋት።

በማግስቱ ሁለት ቤተሰብ ዕቃውን ጫነ። ከቤታችን ቀጥሎ ያለው አቶ ፈንታሁን ግን ባለ ብዙ ልጅ ነው። ጳጉሜን ነበር፤ ዝናቡ አልወጣም።

«አምኛለሁ እትዬ» አለኝ። «ዓይኔ አይቷል። ግን ዓመት በዓል ደረሰ፤ በደጁ ቆመን ቤት አንፈታም። መስቀል ይለፍና እወጣለሁ።»

በሕይወቴ በሰው ጉዳይ ገብቼ አላውቅም። ከበሩ ላይ፣ ከመድረኩ በታች ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

«ምነው እትዬ?»

«እስክትወጡ እዚህ ነኝ።»

ሚስቱ ወጥታ አየችኝ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ወዲያው ማንጠባጠብ ጀመረ። «ኧረ ዝናብ ይመታዎታል! ይግቡ!» አለች። አልገባሁም። ነጠላዬ ሲረጥብ አቶ ፈንታሁን ወደ ጓዳ ዞሮ፣

«ልጆች፣ ገሳ አምጡላቸው!» አለ።

«ገሳ አልፈልግም» አልሁት። «አልጋውን አውጣ።»